የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ጥቁሩ ስክሪን ወይስ ማውዝ?

የትምህርት ቤታችን ሰርቨር ስክሪንም ማውዝም የለውም። ኡቡንቱ ሰርቨር የተባለ የሊኑክስ ሥርዓት ተጭኖበት ከላቡ ጥግ ተቀምጧል፤ ማጣቀሻ መጻሕፍትንና ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ለተማሪዎች ኮምፒውተሮች ያቀርባል። እሱን ማስተዳደር ማለት ከሞላ ጎደል አንድ የጽሑፍ ፋይል ከፍቶ አንድ መስመር መቀየር፣ ሴቭ ማድረግና አገልግሎቱን እንደገና ማስነሳት ነው። ያቺ አንዲት መስመር ከተበላሸች ግን ላቡ በሙሉ ከኔትወርክ ይወጣል። ክበባችን ዘንድሮ አብዛኛውን ጊዜውን የሰጠው ለዚህ ነው፤ ፋይሉን በየትኛው ኤዲተር (የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም) እንክፈተው ለሚለው ጥያቄ።

መስከረም ላይ አባላቱ በሁለት ወገን ተከፍለው ነበር። ግማሾቹ በማውዝ የሚሠራውን፣ ማለትም ኖትፓድን፣ ጌዲትንና ቪኤስ ኮድን መረጡ። ሌሎቹ ተማሪዎች “ጥቁሩ ስክሪን” ብለው በሚጠሩት፣ ትእዛዝ በኪቦርድ ብቻ በሚጻፍበት ኮንሶል የሚሠሩትን ናኖንና ቪምን ያዙ። በቃል ከመከራከር አንድን ሥራ በሁለቱም መንገድ ሠርተን የተበላሸውን በደብተር መመዝገብ ጀመርን። ሰኔ ላይ የደረስንበት አቋም ይህ ነው፦ ረጅም ጽሑፍና ፕሮግራም በግራፊክ ኤዲተር ቢጻፍ ይመረጣል፤ የሰርቨር ኮንፊግ (የቅንብር ፋይል) ግን በኮንሶል ይነካ። ምክንያቱ ፍጥነት አይደለም። ሰርቨር ሲታመም መጀመሪያ የሚጠፋው ግራፊኩ ስለሆነ ነው።

ይህንን በቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር በተሠራ የልምምድ ኮምፒውተር) ላይ በተግባር አየነው። ዲስኮች የት እንደሚያያዙ የሚዘረዝረውን ኤፍኤስታብ የተባለ ፋይል ከፍተን የሌለ ዲስክ ጻፍንበትና ማሽኑን አስነሳነው። ማሽኑ ዲስኩን 90 ሰከንድ ጠብቆ ወደ ኢመርጀንሲ ሞድ ገባ። እዚያ ማውዝ የለም፣ መስኮት የለም፣ በኤስኤስኤች ከሌላ ኮምፒውተር መግባትም አይቻልም። ያለው ኪቦርድና ኮንሶል ብቻ ነው። ዋናው ዲስክ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ከተገኘ ኤዲተሩ ሴቭ አላደርግም ይላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ዲስኩን በማውንት ትእዛዝ ለመጻፍ እንዲከፈት አድርጎ እንደገና ማያያዝ ያስፈልጋል። ከዚያ መስመሩን አርሞ፣ ማሽኑን ከማስነሳት በፊት በዝርዝሩ ያሉትን ዲስኮች ሁሉ እንዲያያይዝ የሚያዘውን ትእዛዝ መስጠት ነው፤ ስህተት ካለ ያኔውኑ ይናገራል። ለማሽኑ መነሳት ግዴታ ያልሆነ ዲስክ ከሆነ ደግሞ “ኖፌል” የሚለው ምርጫ ቢጨመርለት ማሽኑ ዲስኩን ባያገኝም ይነሳል።

ለጀማሪ ናኖ ይበቃል ብለን እናምናለን። ትእዛዞቹ ከስክሪኑ ግርጌ ተጽፈዋል፦ በኮንትሮልና ኦ ሴቭ፣ በኮንትሮልና ኤክስ መውጫ፣ በኮንትሮልና ደብሊው ፍለጋ፣ በኮንትሮልና ኬ መስመር መቁረጥ፣ በኮንትሮልና ዩ መለጠፍ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ተርሚናሉ የተከፈተው በብራውዘር ውስጥ ከሆነ ኮንትሮልና ደብሊው የሚፈልገው ቃሉን ሳይሆን የሚዘጋው ታቡን ነው።

ናኖ ግን በሁሉም ማሽን ላይ አይገኝም። የቪም አባት የሆነው ቪአይ ግን ለዩኒክስ ሥርዓቶች በወጣው የፖዚክስ ስታንዳርድ ውስጥ የተካተተ ስለሆነ በአብዛኞቹ የዩኒክስ ዝርያዎች ላይ አለ። ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲጽፈው ከቤቱ በጣም ቀርፋፋ በሆነ የ300 ባውድ ሞደም ይሠራ ነበር። ስክሪኑ ላይ ፊደል ከመሳሉ በፊት እጁ ይቀድም ስለነበር ትእዛዞቹን ባለ አንድ ፊደል አደረጋቸው። ኔትወርክ በሚንቀረፈፍበት ቀን ደሴ ውስጥ ተቀምጦ ራቅ ያለ ሰርቨር ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ጥቅም ዛሬም አላረጀም። ቪምን የሠራው ሆላንዳዊው ብራም ሙሌናር እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ሲለቀው ዋጋ አልጠየቀም፤ በኋላ ግን ተጠቃሚው በደቡብ ኡጋንዳ ላሉ ችግረኛ ልጆች እንዲረዳ ለመነ። ቪምን ያለ ፋይል የሚከፍት ሁሉ ይህን ልመና በመግቢያው ገጽ ላይ ሊያየው ይችላል። ሙሌናር እ.ኤ.አ. በ2023 አርፏል።

ከቪአይ የምናስጠናው ስድስት ነገር ብቻ ነው፦ መጻፍ ለመጀመር አይ፣ ከመጻፍ ለመውጣት ኢስኬፕ፣ መስመር ለማጥፋት ዲ ሁለት ጊዜ፣ ለመመለስ ዩ፣ ሴቭ አድርጎ ለመውጣት ኮለን፣ ደብሊውና ኪው፣ ሳያስቀምጡ ለመውጣት ኮለን፣ ኪውና ቃለ አጋኖ። ተማሪዎች ከዊንዶውስ ይዘውት የሚመጡት ልማድ ግን ሦስት ቦታ ላይ ያሰናክላቸዋል። ሴቭ ለማድረግ ኮንትሮልና ኤስ ሲጫኑ በአብዛኛው ተርሚናል ላይ ስክሪኑ ይደርቃል፤ ማሽኑ ቆሞ አይደለም፣ ተርሚናሉ ማሳየት እንዲያቆም ስለታዘዘ ነው፣ ኮንትሮልና ኪው ይፈታዋል። ለመመለስ ኮንትሮልና ዜድ ሲጫኑ ቪም ከፊታቸው ይሰወራል፤ አልተዘጋም፣ ከጀርባ ታግዶ ተቀምጧል፣ “ኤፍጂ” የሚል ትእዛዝ ይመልሰዋል። በትንሹ የቪም ቅጂ ላይ ደግሞ እየጻፉ ባለ ቀስት ቁልፎችን ሲነኩ ኤ፣ ቢ፣ ሲና ዲ የሚሉ ፊደሎች ጽሑፉ ውስጥ ይገባሉ። ያ ቅጂ የጥንቱን ቪአይ አጥብቆ ስለሚመስል ነው፤ ሙሉውን ቪም መጫን ይፈውሰዋል።

አሁን በማንኛውም የውጭ መመሪያ ላይ ወደማናገኘው፣ እኛን ግን ብዙ ሰዓት ወደወሰደብን ችግር ልምጣ። ሁለት ነጥብ ነው። የአማርኛው ሁለት ነጥብ (፡) እና የእንግሊዝኛው ኮለን (:) ለዓይን አንድ ናቸው፣ በአፍም ሁለቱን አንድ ስም እንሰጣቸዋለን። ለኮምፒውተር ግን አንዱ 4961፣ ሌላው 58 ነው። አንድ አባል በግራፊክ ኤዲተር በአማርኛ ማብራሪያ ይጽፍና ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልስ የሰርቨሩን ኔትወርክ የሚወስነውን የኔትፕላንን ኮንፊግ ይቀጥላል። ከዚያ ሰርቨሩ “ይህ መስመር አልገባኝም” ይላል፤ ሦስት ሰው ተሰብስቦ ቢያነበውም ስህተቱ አይታይም። መፈለጊያው እንዲህ ነው። ፋይሉን በቪም ከፍቶ ጠቋሚውን በምልክቱ ላይ ማድረግና ጂ (g) እና ኤ (a) የሚሉትን ቁልፎች በተከታታይ መጫን፤ ከግርጌ ቁጥሩ ይወጣል። ከ127 የሚበልጥ ቁጥር ካሳየ ከእንግሊዝኛው ኪቦርድ የመጣ አይደለም። ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝም ከእንግሊዝኛዎቹ ኮማና ሴሚኮለን ጋር በዚሁ መንገድ ይሳሳታሉ። በማሽኑ በራሱ ኮንሶል ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ስለማይሠራ ይህ ስህተት እዚያ ሊፈጠር አይችልም፤ ለኮንሶል ካደላንባቸው ጠንካራ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። አማርኛ ማብራሪያ መጻፍ የሚፈልግ አባል ማብራሪያውን በሌላ ፋይል እንዲያኖር ተስማምተናል።

የኔትፕላን ፋይል ሌላም ጠባይ አለው። መስመሩ ከግራ ገባ ማለቱ ትርጉም ስላለው ክፍተቱ በስፔስ ብቻ መሠራት አለበት፤ ታብ ከገባበት አይቀበልም። ለውጡን በቀጥታ ከማጽናት ይልቅ “ኔትፕላን ትራይ” የሚለውን ትእዛዝ መጠቀም ደግሞ ግዴታችን ሆኗል። አዲሱን ኮንፊግ ይሞክርና በ120 ሰከንድ ውስጥ ኢንተር ካልተጫነ ወደ ድሮው ይመለሳል። በኤስኤስኤች የገባ ሰው ራሱን ከውጭ ቢቆልፍ በሁለት ደቂቃ በሩ ይከፈትለታል።

ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ጽፎ ወደ ሰርቨር መላክም የራሱ መዘዝ አለው። ዊንዶውስ መስመርን የሚጨርሰው በሁለት የማይታዩ ምልክቶች ነው፣ በ13 እና በ10፤ ሊኑክስ በ10 ብቻ። በዊንዶውስ የተጻፈ ስክሪፕት ሊኑክስ ላይ ሲሮጥ ማሽኑ 13ን የፕሮግራሙ ስም አካል አድርጎ ያነበዋል፤ “እንዲህ የሚባል ፕሮግራም የለም” የሚለው ለዚህ ነው። ኖትፓድ ራሱ የሊኑክስን መስመር አፈራረስ በትክክል ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ በላቡ አሮጌ ዊንዶውሶች ላይ የሰርቨር ፋይል ሲከፈት ሁሉም ነገር በአንድ መስመር ተጨፍልቆ የሚታየው ከዚያ በፊት የወጡ ስለሆኑ ነው። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስና ቪኤስ ኮድ የመስመሩን ዓይነት ከታች በቀኝ በኩል ያሳያሉ፣ ከዚያው መቀየርም ይቻላል።

ግራፊክ ኤዲተርን በሱዶ (የአስተዳዳሪ መብት በሚሰጠው ትእዛዝ) መክፈት በክበባችን ተከልክሏል። ኤዲተሩ የራሱን ቅንብር በተማሪው ማውጫ ውስጥ በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) ስም ሊጽፍ ስለሚችል፣ በማግስቱ ያው ተማሪ ኤዲተሩን ሲከፍት ቅንብሩ አልቀመጥ ይለዋል። ሱዶኤዲት ይህን ይፈታል፦ የፋይሉን ጊዜያዊ ቅጂ ያወጣል፣ ኤዲተሩን በተራ ተጠቃሚ መብት ይከፍታል፣ ሲዘጋ ብቻ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ስለዚህ ማውዝ ለሚወድ አባልም ይሆናል፤ ኤዲተሩ ቪኤስ ኮድ ከሆነ ግን መስኮቱ እስኪዘጋ ድረስ እንዲጠብቅ መታዘዝ አለበት፣ ያለዚያ ቅጂው ሳይለወጥ ይመለሳል። የሱዶን ፈቃድ የያዘውን ፋይል በተመለከተ ምርጫ የለም፤ በቪሱዶ ብቻ ይከፈታል። ቪሱዶ ሴቭ ሲደረግ ሰዋስው ይመረምራል፣ ስህተት ካለ ያስጠነቅቃል። በሌላ ኤዲተር ተበላሽቶ ከተቀመጠ ሱዶ ራሱ ሊቆም ስለሚችል፣ ለማረም የሚያስፈልገውን መብት ይዞት ይሄዳል።

መብራት መጥፋት በክረምት መግቢያ ዋናው ፈተናችን ነበር። ሰርቨሩ በዩፒኤስ ሲቆይ የተማሪው ኮምፒውተር ግን ይጠፋል፣ የኤስኤስኤች መስመሩም ይቆረጣል። ቪም በየ200 ፊደሉ፣ ወይም እጅ ለ4 ሰከንድ ከኪቦርድ ሲነሳ፣ የሥራውን ቅጂ በስዋፕ ፋይል ያስቀምጣል። በድጋሚ ሲከፈት ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ተማሪዎች ደንግጠው የሚያጠፉት እዚህ ላይ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የቀድሞው ቪም አሁንም እየሠራ እንደሆነ ማስጠንቀቂያው ላይ ማንበብ፣ ካልሆነ “ሪከቨር” መምረጥ፣ በሌላ ስም ሴቭ ማድረግ፣ ከነባሩ ጋር ማነጻጸር፣ በመጨረሻ ስዋፑን መሰረዝ ነው። ናኖ መስመሩ ሲቆረጥ በፋይሉ ስም ላይ “ሴቭ” ጨምሮ ቅጂ ይተዋል። ከሁሉም የሚሻለው ግን መስመሩ ቢቆረጥም ሥራውን በሰርቨሩ ላይ የሚያቆየውን ቲመክስን ከፍቶ በውስጡ መሥራት ነው፤ መብራቱ ሲመጣ ተመልሶ ይገባና ጠቋሚው ከነበረበት ቃል ላይ ያገኘዋል። በዊንኤስሲፒ ፋይሉን ወደ ራስ ኮምፒውተር አውርዶ የሚሠራ ሰው ይህ ዋስትና የለውም፤ መብራት በመላኩ መሀል ከጠፋ የሰርቨሩ ፋይል ግማሽ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ስለ መጠባበቂያ ቅጂ አንድ ቃል። ከመንካት በፊት ቅጂ መያዝ ጥሩ ልማድ ነው፣ ቦታው ግን ይታሰብበት። ድረ ገጾችን የሚያቀርበው ኤንጂንኤክስ የሳይቶች ማውጫ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ስለሚያነብ፣ እዚያው የተቀመጠ መጠባበቂያ እንደ ሁለተኛ ሳይት ተቆጥሮ ግጭት ይፈጥራል። ቅጂው ወደ ራስ ማውጫ ይሂድ። አገልግሎቱን ከማስነሳት በፊትም የኤንጂንኤክስም ሆነ የኤስኤስኤች ሰርቨር የራሳቸው መመርመሪያ ትእዛዝ አላቸው፤ ሁለቱም ቲ በሚል ምርጫ ይጠራሉ።

ማውዝ የመረጡት አባላት ያሸነፉበትም አለ። የክበቡን የድረ ገጽ ገጾችና ከመቶ መስመር የሚበልጡ ስክሪፕቶች በቪኤስ ኮድ ሲጻፉ ቀለሙ፣ ቅንፍ ማዛመዱና ሁለት ፋይል ጎን ለጎን ማየቱ ስህተትን ይቀንሳል። በኤስኤስኤች ወደ ሰርቨሩ ገብቶ የሚሠራበት መንገድም አለው፤ ግን ሰርቨሩ ላይ የራሱን ክፍል አውርዶ ይጭናል፣ ቢያንስ 1 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፣ 2 ይመከራል። ለእኛ አሮጌ ማሽን ይህ ከባድ ስለሆነ ትተነዋል።

በግንቦት ወር አንድ የሚያስደስት ነገር አገኘን። የሊኑክስ ኮንሶል ፊደል ከ512 ቅርጽ በላይ ስለማይዝ የግእዝ ፊደላችን እዚያ አይታይም ብለን ነበር። በኡቡንቱ የኮንሶል ማስተካከያ ውስጥ ግን “ኢትዮፒክ” የሚል ምርጫ አለ፤ ፊደሉም ጎሐ ይባላል። መርጠን ስንከፍተው አማርኛ ፋይል በጥቁሩ ስክሪን ላይ ተነበበ። መጻፍ አይቻልም፣ ማንበብ ግን ይቻላል።

ለ2018 የሚቀሩን ሥራዎች፦ የቪአይን ስድስት ትእዛዞችና የስዋፑን ቅደም ተከተል በአማርኛ በግማሽ ወረቀት አትሞ ከሰርቨሩ ጎን መለጠፍ፣ የዩፒኤሱን ባትሪ መለወጥ፣ አሮጌዎቹን ኖትፓዶች በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ መተካት። አዲስ አባላት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት በላቡ ይመዘገባሉ። የመጀመሪያው ቀን ልምምድ ኤፍኤስታቡ የተበላሸውን ቨርቹዋል ማሽን ማስነሳት ነው።