ለአባዬ፦ ስለ ጓሮው ቤት

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ስኳሩስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ኮምቦልቻ ሙቀቱን ጀምሮልናል፤ የደሴ ብርድ ነው የሚናፍቀኝ። በስልክ ስናወራ ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ሄዶብን እርስዎም ስለዘጉብኝ፣ በወረቀት ቢሆን እስከ መጨረሻው ይሰሙኛል ብዬ ነው የምጽፈው።

የጓሮዋን ተከራይ በወሩ መጨረሻ ልቀቂ እንዳሏት፣ የት እሄዳለሁ ብላ ብትለምን መብራቱን እንዳጠፉባት እህቴ ነግራኛለች። ደላላው በተሻለ ዋጋ የሚገባ ሰው አምጥቷል አሉ። አባዬ፣ ኪራይ አይጨምሩ አልልም። ጡረታዎ ከመድኃኒት እንደማያልፍ፣ ጤፉና ዘይቱ የት እንደደረሰ አውቃለሁ። ሴትዮዋን ግን እንዲህ አድርገው ማስወጣት አይችሉም። ነውር ነው ማለቴ ብቻ አይደለም፣ ሕጉም ከእርስዎ ጋር አይደለም። ተከራይን አስገድዶ የሚያስወጣ ፍርድ ቤት ነው። መብራት ማጥፋት፣ ቁልፍ መቀየር፣ ዕቃ ደጅ ማውጣት ባለመብቱን ሰው ጥፋተኛ ያደርገዋል።

"ቤቱ ራሱ ፈቃድ የለው፣ እሷ ምን መብት አላት?" ብለውኝ ነበር። ፈቃድ የሌለው ቤቱ ነው እንጂ እሷ አይደለችም። ካርታው የሚያውቀው ዋናውን ቤት ነው፤ ከኋላ ያሉትን ክፍሎች የሠራናቸው ያለ ፕላንና ያለ ግንባታ ፈቃድ ነው። ያ በእርስዎና በማዘጋጃ ቤቱ መካከል ያለ ጉዳይ ነው። እሷ በየወሩ ከፍላ ገብታለች፣ እርስዎም ቆጥረው ተቀብለዋል። ነገ ተካሰን ብንቆም ደግሞ መጀመሪያ ሰነድ አምጣ የሚባለው እርስዎ ነዎት። ደላላው ይህን አይነግርዎትም፣ ኮሚሽኑን ይዞ ሄዷል።

ወረቀት ለምን እንደሚፈሩ አይጠፋኝም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን አያቴ ፒያሳ አጠገብ ከነበሯቸው ቤቶች አንዱን ይምረጡ ተብለው ሌላው እንደተወሰደ፣ ያስመዘገበው ሁሉ እንደተለቀመ ስንት ጊዜ አጫውተውናል። ከመቶ ብር በታች የሚከራየው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን መመዝገብ ማለት መወረስ ሆነ። በዚያ ላይ ግብሩ አለ፤ የኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ "ለ" ግብር ይከፈልበታል፣ ውል ከተጻፈ ደግሞ ገቢው ይታያል። ይህን ፈርተው እንደሆነ ይገባኛል፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው።

ግን ውል አለመጻፍ ማንን እንደሚጎዳ እኔ እዚህ በየዕለቱ አያለሁ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ኮምቦልቻ ውስጥ ኪራይ ማለት ሌላ ነገር ሆኗል፤ ሦስትና አራት የሚሆኑ የስፌት ሠራተኞች አንዲት ክፍል ተጋርተው ያድራሉ፣ አንዷ የሌሊት ፈረቃ ስትገባ ሌላዋ ፍራሹ ላይ ትተኛለች። የእኔም አከራይ በር አንኳኩቶ "ሌላ ሰው አግኝቻለሁ" ሲለኝ የማሳየው ወረቀት የለኝም። ስድስት ወር ቀድሜ ከፍዬ ደረሰኝ የለኝም። አባቴ ለእኔ የሚመኙልኝን ለዚያች ሴት ቢያደርጉላት ብዬ ነው።

በ2016 የወጣውን የኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320ን ማለቴ ነው፣ አንብቤዋለሁ። አዲስ አበባንና ድሬዳዋን፣ በክልል ደግሞ ክልሉ የሚወስናቸውን ከተሞች ይመለከታል። "እሱ የአዲስ አበባ ነው" ይሉኝ ይሆናል። የአዲስ አበባም ይሁን፣ ለእኛ ቤት ጥሩ ልክ ነው፦ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በስልክ ይከፈላል፣ ጭማሪውም መንግሥት በዓመት አንዴ በሚያወጣው ልክ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን አከራይ ተከራዩን በሰላም እንዲኖርበት ማድረግ ግዴታው እንደሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ጀምሮ ይላል። አዲስ ነገር አልጠየቅኩዎትም።

የመብራቱን ነገር ደግሞ ልንገርዎት፣ በእሷ ምክንያት ቢል ናረ ብለዋልና። ታሪፉ በእርከን ነው። የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ ናቸው፣ ከዚያ በላይ እያንዳንዱ እርከን ይወደዳል። የግቢው ሰው ሁሉ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ ሁላችሁም ከውዱ እርከን ላይ ናችሁ። እሷ በሳምንት አንዴ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ስለጋገረች አይደለም። ለጓሮው የራሱ ቆጣሪ ቢጠየቅ ጭቅጭቁ ግማሹ ይቀራል። እርግጥ ቆጣሪ ለማስገባት የቤቱ ሰነድ ይጠየቃል፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነን።

አሁን ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልጻፍ። በጦሳ ተራራ በኩል ያለችው የመጨረሻዋ ክፍል ማንም ሊከራያት አይገባም። ቁልቁለቱን ቆርጠን ግድግዳውን አፈሩ ላይ ነው ያስጠጋነው። በክረምት ከወለሉ ጥግ ውሃ ይወጣል፣ ምንጣፉ ሻግቶ ይጣላል። ከመስኮቱ በላይ ያለው ስንጥቅ ያኔ ጥፍር ነበር የሚያስገባ፤ ባለፈው ዒድ ስመጣ ጣቴን አስገባሁበት። እርስዎ በሲሚንቶ ደፍነውታል፣ ሲሚንቶው ራሱ ተሰንጥቋል። የደሴ መሬት እንደሚንሸራተት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ደላላው ያመጣው ሰው የሚገባው እዚያች ክፍል ከሆነ፣ ብሩን ይመልሱለት። ዕቃ ማስቀመጫ እናድርጋት፣ የኪራዩን ብር እኔ በየወሩ እልካለሁ።

ለሌሎቹ ክፍሎች ማዘጋጃ ቤት ሄደን ሕጋዊ የሚሆኑበት መንገድ ካለ እንጠይቅ። የሚያስቀጣም ከሆነ አሁን መቀጣት ይሻላል፤ ማርጀቴን አይተው ይተዉኛል ብለው አይጠብቁ፣ ደንብ የሚያስከብሩት ልጆች እርስዎን አያውቁም። ሴትዮዋ ጋር ውል እንጻፍ፣ የኪራዩንም ጭማሪ ሽማግሌ ይዘን በመካከላችሁ እንነጋገር። እሷም እምቢ የምትል አትመስለኝም፤ ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች ሴት ዳግም ዕቃ ተሸክማ ከመዞር ትንሽ ጨምራ መቀመጥን ትመርጣለች።

ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ እመጣለሁ። ካርታውንና የቦታ ግብር ደረሰኞቹን ከሳጥኑ አውጥተው ይጠብቁኝ፣ መነጽርዎንም እንዳይረሱ። መብራቱን ግን ቅዳሜን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይቀጥሉላት፤ ልጇ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ነው።

ልጅዎ፣
ከኮምቦልቻ