የፖሊስ የውስጥ ምርመራ ለምን አይታመንም?

ለአዘጋጁ፦

የካሊፎርኒያ ፖሊሶች የውስጥ ምርመራን፣ ማለትም መሥሪያ ቤታቸው በራሱ ባልደረቦች ላይ የሚያደርገውን ማጣራት፣ የሚጠራጠሩት ጥፋት ስላለባቸው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የግዛቱ የፖሊሶች መብት ሕግ ጠያቂዎቹ በአንድ ጊዜ ከ2 እንዳይበልጡ፣ የታሰበው ቅጣትም ጥፋቱ በታወቀ በ1 ዓመት ውስጥ እንዲነገር ያዛል። የወንጀል ምርመራ ሲደረብበት ግን ቆጠራው ይቆማል፤ ተመርማሪው ፖሊስ ተንጠልጥሎ ይቀራል። «ተናገር፣ አለዚያ ትባረራለህ» ተብሎ የሰጠው ቃል እ.ኤ.አ. በ1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰጠው የጋሪቲ ፍርድ መሠረት በወንጀል ክስ አይቀርብበትም፤ ለማባረር ግን ይበቃል። ይህ ልዩነት የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይወረወር በፊት በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ከሁሉ የሚከፋው «አልተረጋገጠም» የሚለው ውሳኔ ነው፦ አይኮንን፣ ነፃም አያወጣ። ደግሞም መርማሪው ሳጅን ነገ ተዛውሮ የዚያው ፖሊስ አለቃ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ የውሳኔው ምክንያት ለአቤት ባዩም ለተመርማሪውም በጽሑፍ ይሰጥ።