ስለ መጠይቁና ስለ ለቀማ ደብተራችን

ውድ የዘጌ ቡና አምራች አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ሰሞኑን ከጀርመኑ ገዢ የመጣው፣ ቡናውን ማን እንደለቀመ የሚጠይቀው መጠይቅ አነጋግሯችኋል። «ማን እንደለቀመው ምን አገባቸው?» ያላችሁም አላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጀርመን ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ቢያንስ 1,000 ሠራተኛ ያለው ኩባንያ ዕቃው የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ወይም የግዳጅ ሥራ እንደሌለበት ማጣራት አለበት። የአውሮፓ ኅብረትም በዚያው ዓመት በዚሁ ጉዳይ የራሱን መመሪያ አውጥቷል፤ አፈጻጸሙ ግን ተራዝሟል። ሕጉ የሚይዘው ገዢውን ነው፤ ጥያቄው ግን እኛ ደጅ ይደርሳል።

የአምናው ደብተራችን ግማሹን ዝናብ መትቶት ቀለሙ ፈሷል። የተረፈው ደግሞ «የእማማ ልጅ፣ ሁለት ቅርጫት» ይላል። የትኛዋ እማማ? ዘንድሮ ስም፣ ዕድሜ፣ ኪሎና የተከፈለው ብር ይጻፍ። ልጆች ከትምህርት መልስ ካገዙም አትደብቁ፤ እንዳለ ጻፉት።

ቅዳሜ ከሰዓት ደብተራችሁን ይዛችሁ መጋዘኑ ጋ እንገናኝ።