አያቴን ነጻ ያወጣው ጣሊያን አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

የአርበኞችን ቀን ምክንያት አድርጋችሁ ከባርነት ነጻ ወጥቶ አርበኛ ስለሆነው አያቴ ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢዎቻችሁ ስላዩት አልደግመውም። የምጽፈው ስለ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ጣሊያን ባርነትን በአዋጅ ሲሽር ነጻ ወጥቶ አርበኞችን ተቀላቀለ» ይላል። እንግዲህ አያቴ ነጻ አውጪውን ሊያመሰግን ጠመንጃ ይዞ ጫካ ገባ ማለት ነው፤ ውለታ እንዲህም ይመለሳል ለካ!

ዘጋቢያችሁ ቤቴ መጥቶ፣ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ፣ ከእናቴ ሣጥን ያወጣሁለትን የአያቴን የነጻነት ወረቀት በስልኩ አንስቷል። እጥፋቱ ሲበጠስ እናቴ በክር የሰፋችው፣ ማኅተሙ የደበዘዘው ያ ወረቀት አዲስ አበባ ላይ የተሰጠው መጋቢት 1924 ዓ.ም. ነው። የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ዴ ቦኖ ትግራይ ገብቶ ባርነትን ሽሬአለሁ ብሎ ያወጀው ደግሞ ጥቅምት 1928 ነው። ነጻ ከወጣ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያለፈውን ሰው እንደገና ነጻ ለማውጣት የጋዜጣችሁ ብዕር ብቻ ይበቃል።

የጌቶቻችንን ጥፋት ለመሸፈን አልሞክርም፤ አያቴን በልጅነቱ የሸጠው ጣሊያን አልነበረም። ባሮች ነጻ እንዲወጡ በ1916 በአገራችን የወጣው ደንብም ባርነትን በአንድ ጀምበር አላጠፋውም፤ ጌታው የሞተበት ባሪያ እስከ 7 ዓመት ድረስ ለወራሾች እንዲያገለግል ይፈቅድ ነበር። ደንቡ በ1923 ተሻሻለ፤ ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው ግን ከድል በኋላ፣ በነሐሴ 1934 በወጣው አዋጅ ነው። ይህን ሁሉ ለዘጋቢው ነግሬዋለሁ፤ ማስታወሻም ሲይዝ አይቻለሁ፤ ምን ይጽፍ እንደነበር ግን እሱ ያውቃል።

ነጻ ለወጡ ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት ለመሩት ለሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ እንዲሁም ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ፋሺስቶች ለገደሏቸው ልጆቻቸው ለቢንያምና ለዮሴፍ ሰፊ ቦታ መስጠታችሁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ነጻ የወጡት ሰዎች ራሳቸው የት ሄዱ? ከአርበኞች መሪው ከራስ አበበ አረጋይ ጋር በሸዋ ዱር የተንከራተተው አያቴ ከፎቶግራፉ ሥር «አሽከር» ተብሎ ቀርቧል።

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ጓደኞቹ የአባታቸውን ስም እየጠሩ ሲፎክሩ የእርሱ ተራ ይደርሳል። አባቱን አያውቅም። ደረት ኪሱን መታ አድርጎ «የወረቀቱ ልጅ!» ይል ነበር። ለዘጋቢያችሁ ይህንንም ነግሬዋለሁ፤ ለጽሑፉ ማሳመሪያ እንኳ አልተፈለገም።

እርማቱ ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንዲታተምልኝ እጠይቃለሁ። «ነገ እንመልሳለን» ተብሎ የተወሰደው የአያቴ ዋናው ፎቶግራፍም ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟልና ይመለስልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአርበኛው የልጅ ልጅ፣ አዲስ አበባ