ያቺ የባንዲራ ጠዋት

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ እንደምታውቃት ናት፤ ጦሳ ዛሬም ጉሙን ተከናንቦ ነው ያደረው። ስድስት ዓመት ዝም ብሎ ዛሬ ምን ነካው እንዳትል።

ሰሞኑን ልጄ በስልኳ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ነው፣ በፈረንጆቹ 1968። በ200 ሜትር አንደኛና ሦስተኛ የወጡት ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ፣ የአሜሪካ መዝሙር ሲዘመር አንገታቸውን ደፍተው፣ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ጨብጠው አንስተዋል። ጫማ የለም፤ የጥቁሮችን ድህነት ለማሳየት በካልሲ ነው የቆሙት። ካርሎስ ጓንቱን ረስቶ ስለመጣ አንዱን ጥንድ ተካፈሉት። አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ግራ ያነሳው ለዚህ ነው። ከውድድሩ ተባረሩ። ከሩጫቸው በአራተኛው ቀን እዚያው ከተማ የኛው ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ።

«አባ፣ አገራቸውን ይጠላሉ እንዴ?» አለችኝ። የሚጠላ ሰው ለአገሩ 200 ሜትርን በ19.83 ሰከንድ ይሮጣል?

እኔን የያዘኝ ግን ሁለተኛው ነው፤ ነጩ አውስትራሊያዊ ፒተር ኖርማን። እጁን አላነሳም። ግን እነሱ ያደረጉትን የሰብዓዊ መብት ባጅ ደረቱ ላይ ለጥፎ አብሯቸው ቆመ። በ2006 ሲሞት ሁለቱ መጥተው አስከሬኑን ተሸከሙ።

ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። ስምንተኛ ክፍል። ውሃ ሲቀዳ ያረፈደው ልጅ በጎማ በተገረፈ ማግስት፣ ባንዲራ ሲወጣ አንተ አፈሩ ላይ ቁጭ አልክ። ዩኒት ሊደሩ ጆሮህን ይዞ ጠጠር ላይ አንበረከከህ። የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ኮሊን ካፐርኒክም በ2016 በጥቁሮች ላይ የሚደርሰውን ግፍ ለመቃወም፣ መዝሙር ሲዘመር መጀመሪያ ቁጭ ነበር ያለው። ኋላ ወታደር የነበረ ተጫዋች «ወታደር በወደቀ ጓዱ መቃብር ላይ ይንበረከካል» ብሎ ቢመክረው ነው መንበርከክ የጀመረው። ለእኛ ቅጣት፣ ለእሱ ክብር! ያም ሆኖ ከዚያ የውድድር ዘመን በኋላ የሚያስፈርመው ቡድን አጣ።

እኔስ? አጠገብህ ነበርኩ። የዚያን ቀን ወላሂ ከወትሮው ይልቅ ጮክ ብዬ ዘመርኩ፤ ዩኒት ሊደሩ እንዲያየኝ።

በእህትህ ሠርግ ላይ ሱሪህን ሰብስበህ ጠባሳውን እያሳየህ ስትስቅ፣ እኔ ምሳ ሳልበላ ወጥቼ ሄድኩ። ተቀይሞኝ ነው ብለህ ይሆናል። አፍሬ ነው።

ለአረፋ ትመጣለህ አሉ። እኔ ቤት እደር። ስልኬ ያው ነው።