የአውቶሞቲቭ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ በሦስት ሲሊንደር ይሠራ የነበረው ሞተር

የአውቶሞቲቭ ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን አብዛኛውን ጊዜውን ያሳለፈው በአንዲት መኪና ላይ ነው። መኪናዋ የደብረ ብርሃን ከተማ ነዋሪ የሆኑ አንድ አባት ለተማሪዎቻችን መማሪያ እንድትሆን የፈቀዱልን ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ስትሆን፣ ይህ ሞዴል በቶሪኖ የመኪና ትርዒት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር። የሞተሩ ነዳፊ ኦሬሊዮ ላምፕሬዲ ቀደም ሲል ለፌራሪ ሞተር ይነድፍ የነበረ መሐንዲስ ነው። ሞተሩ ባለ 1,438 ሲሲና ባለ አራት ሲሊንደር ሆኖ በቴስታታው (በሲሊንደሮቹ መክደኛ) ላይ ቫልቮቹን የሚከፍቱ ሁለት የካም ዘንጎች አሉት፤ ዘንጎቹን የሚያዞራቸውም ሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ መምህር አላውቅም። ኮምፒውተር ስለሌለው ጥፋቱን ጽፎ የሚነግር መሣሪያ አይሰካበትም፤ ምክንያቱን የሚያገኘው በጆሮው፣ በዓይኑና በመለኪያ ተራ በተራ የሚፈትሽ ሰው ብቻ ነው።

መኪናዋ ለረጅም ጊዜ ቆማ የኖረች ስትሆን፣ ባለቤቷ የነገሩን ችግር ሁለት መልክ ነበረው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሚስ ያደርጋል (ማቀጣጠሉን ይዘላል)፤ ዳገት ላይ ጉልበት ሲጠየቅ ደግሞ ይንተፋተፋል። ከዚያ በፊት ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላም ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው ቦቢናም ተቀይሮ ለውጥ አልመጣም። ዕቃ እየቀየሩ ችግር መፈለግ በየጋራዡ የተለመደ ቢሆንም፣ ገንዘብ ከማስወጣቱ በላይ ደኅናውን ዕቃ አስጥሎ የታመመውን ስለሚያስቀር እኔ አጥብቄ የምቃወመው አሠራር ነው። ስለዚህ የክበቡ የመጀመሪያ ደንብ በመለኪያ ጥፋተኛ መሆኑ ያልተረጋገጠ ዕቃ እንዳይቀየር የሚል ሆነ።

ሥራው የተጀመረው የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ በመለየት ነው። ሞተሩ እየሠራ የእያንዳንዱን ካንዴላ ገመድ በየተራ ከሥራ ውጭ ማድረግ የቆየ ዘዴ ነው፤ የሚሠራ ሲሊንደር ሲቋረጥ የሞተሩ ዙር ይወርዳል፣ የማይሠራው ሲቋረጥ ግን ምንም አይለወጥም። በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል 20,000 ቮልት ሊደርስ ስለሚችል ይህን ያደረግነው እጀታው በተሸፈነ ፒንሳ ነበር፤ ቦቢናው እንዳይጎዳም የወጣው ገመድ ብልጭታውን ወደ ሞተሩ አካል እንዲያወርድ አድርገናል። ሦስተኛው ሲሊንደር ሲቋረጥ ዙሩ አልወረደም። ገመዶቹ በ1፣ 3፣ 4፣ 2 የአቀጣጠል ቅደም ተከተል በትክክል መያያዛቸው ከታየ በኋላ የሦስተኛውን ካንዴላ ከሁለተኛው ጋር፣ ቀጥሎም ገመዶቹን አለዋወጥን። ጥፋቱ ከሦስተኛው ሲሊንደር አልተነሣም። ካንዴላውም ገመዱም በዚህ ከተጠርጣሪነት ወጡ።

ቀጥሎ የመጣው የኮምፕሬሽን ልኬት፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን እስከ ምን ግፊት እንደሚጨምቅ መለካት፣ በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ክርክር ያስነሣ ሥራ ነበር። አራቱም ሲሊንደሮች 8.5 ባር አካባቢ ሲያሳዩ፣ ከተማሪዎቹ ገሚሱ ቁጥሩ መጽሐፍ ላይ ካዩት እጅግ ያነሰ መሆኑን ተመልክተው ግፊቱ እንዳያመልጥ ፒስቶኑን የሚከበው ፋሻ አልቋል ብለው ደመደሙ። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ግን የመጽሐፉ ቁጥር የተለካው የት ነው ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ወደ ፊዚክስ ትምህርታችን መለሰን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 71 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሲሊንደሩ ጨምቆ የሚያሳድገው የሳበውን አየር በመሆኑ፣ በባሕር ዳርቻ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 8.5 ባር ገደማ ያሳያል። ተማሪዎቹ ስሌቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ራሳቸው ሠርተው ሲያገኙት ክርክሩ አበቃ። የአራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረብ ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ ታማኝ ምስክር ነበር፤ ፋሻውም ቫልቩም በደኅና ሁኔታ ላይ ነበሩ።

ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚያሳየው የቫክዩም መለኪያም በዚሁ ዓይን መነበብ ነበረበት። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ንባቡ አንድ ኢንች ሜርኩሪ ያህል ስለሚወርድ፣ በባሕር ወለል 18 ወይም 19 የሚያሳይ ሞተር በእኛ ከተማ 9 ወይም 10 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። የእኛ መርፌ ግን ከዚህም ዝቅ ብሎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሚሱ ዙር ሲጨምር የሚጠፋ መሆኑም አንድ ላይ ሲታሰብ፣ አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ፣ በአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ፣ በኩል ያልተፈለገ አየር እየገባ መሆኑን አመለከተን፤ ሚኒሞ ላይ የሚገባው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ቀዳዳ የአየርና የቤንዚኑን ድብልቅ ታሳሳዋለች (ቤንዚኑን ታሳንሳለች)፣ በከፍተኛ ዙር ግን ያችው ቀዳዳ ከቁም ነገር አትገባም። በማኒፎልዱ መጋጠሚያዎች ላይ ውኃ በጥቂቱ ስንረጭ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር ዘንድ ስንደርስ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ለዚህ ሥራ ቤንዚን የሚረጩ ሰዎች አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ እሳት የሚያስነሣ ስለሆነ በክበባችን ክልክል ነው። ማኒፎልዱ ሲፈታ መጋጠሚያውን የሚያሽገው ጋርኒሲዮን ከዕድሜ ብዛት ደርቆ ተሰንጥቆ ተገኘ። ተማሪዎቹ አዲሱን በልኩ ቆርጠው ገጠሙት፣ ዳዶዎቹንም ከመሐል ወደ ዳር በየተራ አጠበቁ፤ ሞተሩም በአራቱም ሲሊንደር ሠራ።

የዳገቱ መንተፋተፍ ግን አልቀረም። ጉልበት ሲጠየቅ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ብልጭታው ካንዴላው ጫፍ ላይ ለመዝለል ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋል፤ ደካማ መንገድ ካገኘም በዚያ ያመልጣል። ሞተሩ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሲነሣ ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ዙሪያ ቀጭን ሰማያዊ ብልጭታ ታየ፣ ክዳኑ ሲከፈትም በውስጡ የእርሳስ መስመር የሚመስል የከሰል ጭረት ነበረበት። የሳሳ አየር ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ ያነሰ በመሆኑ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በውርጩ ምክንያት የሚፈጠረው እርጥበትም ስለሚጨመርበት፣ በደጋ አገር የክዳን ንጽሕና ከቆላው የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ክዳኑ ተቀየረ፣ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው የፑንቲናው ክፍተትም 0.4 ሚሊ ሜትር ላይ ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ ባለቤቷ መኪናዋን ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በሚወጣው ዳገት ፈትነዋት ሳትንተፋተፍ ወጥታለች።

የቀረው የካንዴላዎቹ ጥቁር ጥላሸት ነበር። ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር አየሩን የሚለካው በክብደቱ ስላልሆነ፣ በእኛ ከፍታ ላይ ድብልቁ ከባሕር ወለሉ በ15 በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። ቀዳዳው ጠበብ ያለ ዋና ጄት (የቤንዚን ማሳለፊያ) ሲገባ ካንዴላዎቹ ወደ ቡናማ ተለወጡ። ከዚህ በላይ ማጥበብ ይቻል ነበር፤ ባለቤቷ ግን ወደ ሸዋ ሮቢት ስለሚመላለሱ፣ ለደጋ ብቻ የተለካ ጄት በዚያ ቆላ ድብልቁን አሳስቶ ቫልቭ ሊያቃጥል ይችላል በሚል መካከለኛውን መረጥን። የቀድሞው ጄት ስሙ ተጽፎበት በመኪናዋ ውስጥ ተቀምጧል።

ያላለቀ አንድ ሥራ አለ። በዚህ ሞተር ላይ የቫልቭ ክፍተት የሚስተካከለው በቡሎን ሳይሆን ውፍረታቸው በሚለያይ ክብ ብረቶች ስለሆነ ማይክሮሜትርና የካሙን ሳኅን ወደ ታች የሚጫን ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል። ማይክሮሜትሩ በትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ አለ፤ መጫኛውን የብረታ ብረት ክፍሉ ተማሪዎች ሥዕሉን አንሥተው ለመሥራት ተስማምተዋል፣ ሥራውም በመጪው ዓመት መስከረም ይጀመራል።