ክብሪቱን ለጊዜው አስቀምጪው

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? መልእክትሽን ሳየው ማመን አቃተኝ። ማን ቀድሞ መጻፍ ነበረበት የሚለውን እንተወው፤ አንቺ ቀደምሽኝ፣ ተመስገን ነው። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሆነው ሁሉ በሌላ ደብዳቤ እንጨዋወታለን። አሁን የሚያቻኩለኝ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት ነገር ናት፤ ስንዴው ታጭዶ አልቋል፣ ገለባውን አቃጥዬ ማሳውን ላጸዳ ነው ያልሽው። እባክሽ ይህን ሳታነቢ እንዳትለኩሺው፤ ገለባውና ሰብል ማፈራረቅ ተጣምረው አፈርሽን እንዴት እንደሚጠግኑ ልንገርሽ።

እሳት ጥቅም የለውም አልልሽም። አንዳንድ የአረም ዘርና በሽታ ያጠፋል፣ ማሳውም ለማረስ ይቀላል። ግን በገለባው ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ካርቦን አብዛኛው ጭስ ሆኖ ይሄዳል። ፖታሲየሙ በአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ እሱንም ነፋስና ጎርፍ ይሻሙታል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አፈሩ ራቁቱን መቅረቱ ነው።

ዝናብ በዘነበ ቁጥር የማሳው ገጽ ይደነድናል፣ ቡቃያው ሰብሮ መውጣት ያቅተዋል ብለሽ የለ? መነሻው እዚህ ላይ ነው። የዝናብ ጠብታ ባዶ አፈር ላይ ሲያርፍ ጓሉን ይፈረካክሰዋል። የላመው ደቃቅ አፈር የውሃ መግቢያ ቀዳዳዎችን ይደፍናል፤ ሲደርቅ ቅርፊት ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣው ዝናብ ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ በላዩ ላይ ይፈስሳል፣ አፈሩንም ይዞ ይወርዳል። ገለባ ለማሳው ጃንጥላ ነው፤ ምቱን ራሱ ይቀበላል።

ይህ ግን ከላይ ያለው ሥራ ብቻ ነው። ዋናው ሥራ ከሥር ነው የሚሠራው። ገለባው ራሱ አፈርን አያጣብቅም፤ የሚያጣብቁት ገለባውን የሚበሉት ናቸው። ፈንገሶች እንደ ክር የቀጠነ አካላቸውን በአፈር ቅንጣቶች መካከል ይዘረጉና ያስሯቸዋል። ባክቴሪያዎች ሙጫ መሰል ነገር ያመነጫሉ። የምድር ትል ደግሞ ገለባውን ከአፈሩ ጋር ውጦ ያወጣዋል፣ መተላለፊያም ይከፍታል። አፈሩ እንዲህ ትንንሽ ጓል እየሆነ ሲያያዝ በመካከሉ ክፍተት ይፈጠራል፤ በሰፊው ክፍተት አየር ይገባል፣ በጠባቡ ውሃ ይቆያል። ሙጫው ግን ዘላቂ አይደለም፣ እሱም ይበላል። ስለዚህ አንድ ዓመት ገለባ ትተሽ ለውጥ አላየሁም ብለሽ እንዳታኮርፊ። ከገለባው ካርቦን አብዛኛው ገለባውን በሚበሉት ትንፋሽ ወደ አየር ይመለሳል፤ አፈር ውስጥ የሚከርመው ጥቂቱ ነው። በየምርቱ ማቀበል ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሰብል ማፈራረቁ፣ ማለትም በአንድ ማሳ ላይ የተለያየ ሰብል በተራ ወደ መዝራቱ ልምጣ፣ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ እሱ ነውና። ብዙ ሰው ሰብል ሲያፈራርቅ የሚያስበው ስለሚዘራው ብቻ ነው። እኔ ግን የሚቀረውም አብሮ ይታሰብ ባይ ነኝ። የስንዴ ገለባ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን 80 እጅ ያህል ካርቦን አለው። በአፈር ውስጥ ያሉት ደቂቅ ሕያዋን የሚስማማቸው ግን 24 ለ1 አካባቢ ነው። የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዳሉ። በዚያ ወቅት በቆሎ ዘርተሽ ከሆነ ቡቃያው ቢጫ ይሆናል፤ ሰው ያኔ ገለባውን ይራገማል። ናይትሮጅኑ እኮ አልጠፋም፣ ተበድረውታል፤ እነሱ ሲሞቱ ቀስ እያለ ይመለሳል። ስለዚህ ከስንዴ ገለባ ቀጥሎ ባቄላ ወይም አተር ብትዘሪ ይሻላል። እነሱ ናይትሮጅን ከአየር ስለሚያገኙ ብድሩ ብዙ አይጎዳቸውም።

የጥራጥሬ ተረፈ ምርት ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቶሎ ይበሰብሳል፣ ናይትሮጅን ይለቃል፤ ግን ማሳውን ለረጅም ጊዜ አይሸፍንም። ከሱ ቀጥሎ እንደ ስንዴ ያለ የብርዕ ሰብል ነው የሚዘራው፤ የተለቀቀውን እሱ ይበላል፣ በመጨረሻም ጠንካራ ገለባ ይተውልሻል። አንዱ ይሸፍናል፣ አንዱ ይመግባል። አንድ ነገር አደራ፦ ባቄላውን ስትሰበስቢ ከነሥሩ አትንቀይው፣ ከመሬቱ ላይ እጨጂው። የሥር ካርቦን ከላይኛው ገለባ ይልቅ አፈር ውስጥ ይቆያል፤ ሥሩ የቆፈረው ቀዳዳም ለሚቀጥለው ሰብል ሥርና ለውሃ መንገድ ይሆናል። ይህን በነፃ የተሠራ ሥራ ነቅሎ መጣል ምን ይባላል?

ነገሩ ወሬ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ አሜሪካ ውስጥ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ላይ ከ1876 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚታረስ የሙከራ ማሳ አለ። አንዱ ክፍል በየዓመቱ በቆሎ ብቻ ይዘራበታል፣ ሌላው ይፈራረቅበታል። በአፈር ካርቦን የደኸየው የትኛው እንደሆነ መገመት አያቅትሽም።

ጥንቃቄ የሚፈልግም አለ። ስንዴን በስንዴ ገለባ ላይ ደግመሽ ከዘራሽ በገለባው ላይ የከረመው የቅጠል በሽታ አዲሱን ይጠብቀዋል። ከበቆሎ አገዳ ቀጥሎም ስንዴ አይመከርም፤ ፉዛሪየም የተባለው የዛላ ሻጋታ አገዳው ላይ ይከርማልና። በመካከል ጥራጥሬ ይግባ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ገለባው ተከታትፎ እኩል ይበተን። ክምር ሆኖ ከቀረ ከሥሩ ዘር አይበቅልም፣ ተባይም ይደበቅበታል። መሬቱ ጭቃ ሳለ በጥልቀት አትቅበሪው፤ አየር ያጣና ይሸታል እንጂ በወጉ አይበሰብስም። እኔ ብሆን ላዩ ላይ እተወዋለሁ። ምን ያህል ይበቃል ካልሽ፣ ቢያንስ ከማሳው 30 በመቶ መሸፈን አለበት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እሰየው። ይህን በዓይን መገመት ያሳስታል። 100 ምልክት ያለበት ገመድ በማሳው ላይ አግድመሽ ዘርጊና ገለባ ያረፈባቸውን ምልክቶች ቁጠሪ፤ ቁጥሩ የተሸፈነው መሬት በመቶኛ ነው። ሁለት ሦስት ቦታ ድገሚው።

ከብቶቹስ ምን ይብሉ እንደምትይ አውቃለሁ። እሱ እውነተኛ ችግር ነው፤ ሁሉንም ለአፈር ተይ የሚልሽ ሰው ከብት አርብቶ አያውቅም። ከፍ አድርገሽ እጨጂ፣ የአገዳው የታችኛው ክፍል ማሳው ላይ ይቅር፣ የላይኛውን ውሰጂ። የበሉትን ያህል ባይሆንም ፍጉን ወደ ማሳው መልሺ። ካጨድሽ በኋላ ማሳው ላይ እንዳይለቀቁ ግን ጨክኚ፤ የተረፈውን ይጨርሱታል፣ አፈሩ እርጥብ ከሆነም ረጋግጠው ያጠብቁታል።

መሻሻሉን ለማየት ላቦራቶሪ አያሻሽም። ከማሳሽ አንድ የደረቀ ጓል፣ ከማይታረሰው ከአጥሩ ሥር ደግሞ ሌላ ውሰጂ። ሁለቱንም በወንፊት ላይ አድርገሽ ውሃ ውስጥ ንከሪያቸው። አያያዙ ደካማ የሆነው ወዲያው ይፈርሳል፣ ጥሩው ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ዘንድሮ ሳትዘሪ ሞክሪው፣ ከዚያ በየዓመቱ በዚያው ወቅት ድገሚው።

ከስንዴው ቀጥሎ ምን ልትዘሪ እንዳሰብሽና ገለባው ምን ያህል እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ፎቶ ብታክዪበት ደግሞ ደስ ይለኛል። የጓሉንም ውጤት ንገሪኝ። እኔም የቀረውን ወሬ ይዤ ቶሎ እመለሳለሁ።

ናፋቂ ጓደኛሽ